ደም ስለታየ ብቻ፦ ስፖርት፣ ክብደት መቀነስ እና የወሊድ መከላከያ በወር አበባ ላይ

ጎህ ሲቀድ በባሕር ዳር፣ በጣና ዳርቻ የሚሮጡና ገመድ የሚዘሉ ሴቶችን ማየት ዛሬ ዛሬ ብርቅ አይደለም። በእሑድ ማለዳ የማስ ስፖርትም እናት ከልጇ ጎን ቆማ ሰውነቷን ስታፍታታ ትታያለች። ከእነዚህ ብዙ ሴቶች መካከል ለምሳሌ ያህል ሁለት ጓደኛሞች ይታሰቡ።

አንደኛዋ በየቀኑ የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ እንክብል ትጠቀማለች። መሮጥ ከጀመረች ስድስት ወር ሆኗታል፤ እራት መብላት ትታለች፤ ዘጠኝ ኪሎ ቀንሳለች። ድካም ይጫጫናታል፣ ይበርዳታል፣ የእግሯ አጥንት ያማታል። የወር አበባዋ ግን በየ28 ቀኑ፣ ቀን ሳያዛንፍ ይመጣል። ስለዚህ "ሰውነቴ ተስማምቶታል" ብላ ተረጋግታለች። ሁለተኛዋ በየሦስት ወሩ የሚሰጠውን መርፌ ትወጋለች። በልክ ትሮጣለች፤ እንደ ልማዷም ትበላለች። ይሁን እንጂ የወር አበባዋ ከታየ አምስት ወር አልፏል። ሩጫው ጎድቷት እንደሆነ፣ ደሙ በሆዷ ተጠራቅሞ እንደሆነ፣ ነገ ልጅ ብትፈልግ ታጣ እንደሆነ እያሰበች ስፖርቱን ልታቆም ተቃርባለች።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ፈጥና ወደ ጤና ባለሙያ መሄድ የሚገባት የወር አበባዋ ያልተዛነፈባት የመጀመሪያዋ ሴት ናት። የሁለተኛዋ ሁኔታ ግን፣ እርግዝና አለመኖሩ ከተረጋገጠና መርፌውን በወቅቱ ከወሰደች፣ በአብዛኛው ከሩጫው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሁለቱ ሴቶች "የወር አበባ" የሚሉት ነገር ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

የተፈጥሮው የወር አበባ የሚጀምረው ከማሕፀን ሳይሆን ከአንጎል ነው። ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል በተወሰነ የጊዜ ልዩነት ምልክት ይልካል፤ ከሥሩ ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ምልክቱን ተቀብሎ እንቁላል የሚያመነጩትን ዕጢዎች ያነቃቃል። ዕጢዎቹ ኢስትሮጅን ያመርታሉ፣ እንቁላል ይለቃሉ፣ ከዚያም ፕሮጄስትሮን ያመነጫሉ። የማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን በእነዚህ ሁለት ሆርሞኖች እየወፈረ ጽንስ ይጠብቃል። ጽንሱ ካልመጣ ሆርሞኖቹ ይቀንሳሉ፤ ሽፋኑም ተቀርፎ ከደም ጋር ይወጣል። በአዋቂ ሴት ላይ ይህ ሁሉ በ21 እና በ35 ቀናት መካከል ሲመላለስ እንደ ጤናማ ይቆጠራል። ስለዚህ ምንም ዓይነት የሆርሞን መከላከያ የማትጠቀም ሴት የወር አበባዋ በየጊዜው ሲመጣ፣ ከአንጎል እስከ ማሕፀን ያለው ሰንሰለት ሥራውን እየሠራ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ታገኛለች።

እንክብል የምትወስድ ሴት ግን ይህ ምልክት የላትም። በእንክብሉ ውስጥ ያሉት ሰው ሠራሽ ኢስትሮጅንና ፕሮጄስቲን አንጎል ምልክት መላኩን እንዲያቆም ያደርጋሉ፤ እንቁላል አይለቀቅም። ለ21 ቀናት ሆርሞኑ ተወስዶ ለሰባት ቀናት ሲቋረጥ፣ ወይም በብዙ ማሸጊያዎች መጨረሻ ላይ ያሉት ሆርሞን የሌላቸው ሰባት ፍሬዎች ሲዋጡ፣ በመድኃኒቱ የወፈረው ስስ ሽፋን ይቀረፋል። የሚታየው ደም የሆርሞኑ መቋረጥ ውጤት እንጂ የራሷ ዑደት አይደለም። እንዲህ የተደረገውም ለጤና አስፈላጊ ስለሆነ አልነበረም። የመጀመሪያው እንክብል በአሜሪካ ለወሊድ መከላከያነት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ግሪጎሪ ፒንከስና ጆን ሮክን የመሳሰሉት አዘጋጆቹ ሴቶች የለመዱትን የወር ደም እንዲያዩና እንዳላረገዙ እንዲያውቁ በማሰብ ዕረፍቱን ጨመሩበት። ደሙ የሚመጣበትን ቀን የሚወስነው የማሸጊያው አቆጣጠር ነው። ዘጠኝ ኪሎ የቀነሰችው ሴት ዑደቷ "ቀን ሳያዛንፍ" የቀጠለውም ለዚህ ነው፤ ሰውነቷ የራሱን ዑደት ቢያቋርጥ እንኳ በእንክብሉ ደም ምክንያት አይታወቃትም።

በኢትዮጵያ ግን አብዛኛው ተጠቃሚ እንክብል አይወስድም። እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ካገቡ ሴቶች መካከል 27 በመቶ ያህሉ መርፌ፣ 9 በመቶ ያህሉ ደግሞ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን መከላከያ ይጠቀማሉ። ስለዚህ በአገራችን ከስፖርት ጋር እየተያያዘ የሚነሣው ሥጋት በአብዛኛው የሚመጣው ከነዚህ ሁለቱ ነው።

የሦስት ወሩ መርፌ፣ በተለምዶ ዴፖ የሚባለው፣ 150 ሚሊ ግራም ፕሮጄስቲን የያዘ ነው። እንቁላል እንዳይለቀቅ ያግዳል፤ የማሕፀንን ሽፋንም ያሳሳል። ሽፋኑ ካልወፈረ የሚቀረፍ ነገር አይኖርም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የተዘበራረቀ ደም መታየቱ የተለመደ ሲሆን፣ አንድ ዓመት በተከታታይ ከተጠቀሙት ሴቶች ግማሽ ያህሉ ጨርሶ ደም አያዩም። በየመንደሩ እንደሚባለው ደሙ በሆድ ውስጥ የሚጠራቀም ሳይሆን፣ ከመጀመሪያውም ያልተፈጠረ ደም ነው። በክንድ የሚቀበሩት ደግሞ ባሕርያቸው ለየት ይላል። አንድ ዘንግ ያለው ኢምፕላኖን ለሦስት ዓመት፣ ሁለት ዘንግ ያለው ጃዴል ለአምስት ዓመት ያገለግላሉ። በኢምፕላኖን ከሚጠቀሙ አምስት ሴቶች አንዷ ያህል የወር አበባዋ ይቋረጣል፤ የሌሎቹ አንዴ ጠብ እያለ፣ አንዴ እየረዘመ፣ አንዴ እየጠፋ ይሄዳል። ይህ መዘበራረቅ መሮጥ ከጀመሩበት ወር ጋር ሲገጥም ጥፋቱን ለሩጫው መስጠት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሳይሮጡም የሚመጣ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። ዘንጉ በተቀበረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቁስሉ እስኪድን ከባድ ዕቃ ከማንሣት መቆጠብ ይመከራል። ከዚያ በኋላ መሮጥም ሆነ ክብደት ማንሣት አቅሙን አይቀንሰውም።

ሉፕ የተባለው በማሕፀን የሚቀመጥ የመዳብ መከላከያ ከሁሉም ይለያል። ሆርሞን ስለሌለው የሴቲቱን የራሷን ዑደት አይነካም፤ ደሙ ግን ሊበዛና ቁርጠቱ ሊጠነክር ይችላል። ሉፕ የምትጠቀም ሴት የወር አበባዋ ሲዘገይ ወይም ሲጠፋ ነገሩ በእርግጥ ከሰውነቷ የመጣ ምልክት ነው። መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ፣ ቀጥሎም የአመጋገብና የድካም ጉዳይ ይታያል። በተቃራኒው ስፖርት የጀመረች እንክብል ተጠቃሚ ያለወቅቱ ደም ጠብ ሲልባት፣ አዘውትሮ የሚገኘው ምክንያት ስፖርቱ ሳይሆን የተረሳ እንክብል ነው፤ በሌሊት ተነሥቶ መውጣት ሲጀመር የቀድሞው የመዋጫ ሰዓት ይዛነፋልና።

ታዲያ ስፖርትና ክብደት መቀነስ በተፈጥሮው ዑደት ላይ ምን ያደርጋሉ? ለረጅም ጊዜ መልሱ በሰውነት ስብ መጠን ብቻ የሚወሰን ይመስል ነበር። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሮዝ ፍሪሽ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዑደቱ እንዲቀጥል የሰውነት ስብ ከተወሰነ መጠን በታች መውረድ የለበትም የሚለውን ሐሳብ አስተዋውቀው ነበር። በኋላ የመጡ ጥናቶች ነገሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰዱት። በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት አን ላውክስና ባልደረቦቻቸው፣ ዑደቱን የሚያውከው እንቅስቃሴው ራሱ ሳይሆን በምግብ ሳይተካ የሚቀር ጉልበት መሆኑን በሙከራ አሳዩ። ብዙ የተንቀሳቀሱ ነገር ግን ያወጡትን ጉልበት በምግብ የተኩ ሴቶች የአንጎላቸው ምልክት አልተዛባም። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመው ሥራቸው ደግሞ መደበኛ ዑደት ያላቸው 29 ወጣት ሴቶች ተሳትፈዋል። የምግባቸው መጠን ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ፣ ከአንጎል ወደ እንቁላል አመንጪ ዕጢዎች የሚሄደው የሆርሞን ምት በአምስት ቀናት ውስጥ መዛባት ጀመረ። አምስት ቀን ክብደት ለውጥ አሳይቶ የሚታይበት ጊዜ አይደለም። ሰውነት ሚዛኑ ሳይናገር ቀድሞ ያውቃል ማለት ነው።

ያ ልክ ከስብ ውጭ ላለው የሰውነት ክብደት በኪሎ 30 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ነው። ሒሳቡ እንዲህ ይሠራል። 55 ኪሎ የምትመዝንና ከክብደቷ ሩቡ ስብ የሆነ ሴት፣ ከስብ ውጭ ያላት ክብደት 41 ኪሎ ያህል ነው። ይህ በ30 ሲባዛ 1,230 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል፤ ለልብ፣ ለአጥንት፣ ለአንጎልና ለማሕፀን ሥራ ሊቀር የሚገባው ዝቅተኛ ጉልበት መሆኑ ነው። በዚህ ላይ ጠዋት አሥር ኪሎ ሜትር ብትሮጥ 550 ኪሎ ካሎሪ ያህል ታወጣለች። ስለዚህ በቀኑ ከ1,780 በታች ከበላች ሰውነቷ መቆጠብ ይጀምራል። ለተመቸ ኑሮ የሚመከረው ግን በኪሎ 45 ገደማ ስለሆነ፣ በሩጫ ቀን ወደ 2,400 መጠጋት ይኖርባታል። ቁጥሩ ለሁሉም ሴት አንድ ዓይነት የማይታለፍ ድንበር አይደለም፤ አንዳንዷ ከዚህ በላይም ሆና ትታወካለች፤ ሌላዋ ዝቅ ብላም ትቋቋማለች። ሆኖም ቁርስ ሳትቀምስ ሮጣ፣ በቡና ቆይታ፣ በምሳ ሰላጣ ብቻ ቀምሳ፣ እራት የምትዘልል ሴት በየትኛው ወገን እንደምትወድቅ ለመገመት ሒሳብ አያስፈልግም።

ሰውነት ይህን የሚያደርገው በክፋት አይደለም። ምግብ ባልበቃበት ጊዜ መውለድ አደጋ ስለሆነ በሩን ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 የክረምት ወራት በኔዘርላንድስ በደረሰው ረሃብ የብዙ ሴቶች የወር አበባ ተቋርጦ፣ ከወራት በኋላ የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር አሽቆልቁሎ ነበር። ሰውነት በፈቃድ የተያዘን አመጋገብ ከእውነተኛ ረሃብ አይለይም። በጾም ወራት ስፖርት የሚሠሩ ሴቶችም ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። ሽሮው፣ ምስሩና ባቄላው ጥሩ ምግቦች ናቸው፤ ችግሩ መጠኑ ሲያንስና ሙሉ ቀን ያለ ምግብ ተሮጦ ማታ በጥቂቱ ሲቀመስ ነው። በረመዳንም እንዲሁ ነው። ከፍጡር በፊት የሚደረግ ቀላል እንቅስቃሴ፣ ከዚያም በቂ ምግብና ጥሩ ሱሁር፣ ቀትር ላይ ከሚደረግ ከባድ ሩጫ እጅግ ይሻላል።

የወር አበባ መቋረጡ ብቻውን ቢሆን ብዙዎች እንደ ዕረፍት ይቆጥሩት ነበር። ጉዳቱ ያለው ከኋላው ነው። ኢስትሮጅን ሲወርድ አጥንት ጥግግቱን ያጣል፤ ይህ ደግሞ የሚከፋው አጥንት በሚገነባበት የወጣትነት ዕድሜ ላይ ሲደርስ ነው። አሜሪካዊቷ ሯጭ ሜሪ ኬይን ከ2013 ጀምሮ ለዓመታት በባለሙያዎች ሥልጠና ከቆየች በኋላ፣ ለሦስት ዓመታት የወር አበባዋ እንዳልመጣና አምስት አጥንቶቿ እንደተሰበሩ እ.ኤ.አ. በ2019 በአደባባይ ተናግራለች። የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው የባለሙያዎች መግለጫ ጉዳዩን ከወር አበባና ከአጥንት አልፎ ልብን፣ በሽታ የመከላከል አቅምን፣ የምግብ መፈጨትንና ስሜትን የሚነካ የጉልበት እጥረት አድርጎ ገልጾታል፤ ወንዶችንም እንደሚያጠቃ አመልክቷል።

ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚሠራውም እዚህ ላይ ነው። በስፖርትና በምግብ ማነስ የወር አበባዋ የቀረባት ወጣት "ዑደትሽን ያስተካክልልሻል" ተብላ እንክብል ይሰጣታል። ደም ይታያል፤ እናት ትደሰታለች፤ አሠልጣኙም ይረጋጋል። የጉልበት እጥረቱ ግን ባለበት ነው፤ አጥንቱም መሳሳቱን ይቀጥላል። የአሜሪካ የኢንዶክሪን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ለእርግዝና መከላከል ካልሆነ በስተቀር የወር አበባን ለመመለስ ወይም አጥንትን ለማጠንከር ብቻ ተብሎ እንክብል እንዳይሰጥ መክሯል። ሕክምናው ምግብ መጨመር፣ ልምምድ መቀነስ፣ ጭንቀት ማቅለል ነው። ከዚህ ያነሰ የሚማርክ መድኃኒት ማዘዣ የለም፤ የሚሠራው ግን እሱ ነው።

መርፌውም በአጥንት ረገድ የራሱ ጥያቄ አለው። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የአጥንት ጥግግትን ስለሚቀንስ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ በማሸጊያው ላይ እንዲሰፍር አድርጓል። መርፌው ሲቆም አጥንቱ በአብዛኛው ያገግማል፤ ስለዚህ ለአብዛኞቹ አዋቂ ሴቶች መርፌውን ለማቆም ምክንያት አይሆንም። ነገር ግን ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለች፣ በጥብቅ የምትሠለጥንና ጥቂት የምትበላ ሯጭ መርፌውን ስትመርጥ ሁለት ሸክም በአንድ አጥንት ላይ ይደረባል። እንዲህ ላለችው ሉፕ ወይም ሌላ አማራጭ ይሻል እንደሆነ ከባለሙያ ጋር መነጋገር ተገቢ ነው።

ክብደት መቀነስ ሁልጊዜ ዑደትን ያጠፋል ማለትም አይደለም። ከመጠን በላይ ወፍራም በሆነች፣ በተለይም በእንቁላል ዕጢዎች ላይ ፈሳሽ የቋጠሩ ትናንሽ ከረጢቶች በሚታዩበትና ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ በሚባለው ችግር ዑደቷ በተዘበራረቀባት ሴት ላይ፣ ከክብደቷ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነሷ የጠፋውን ዑደት ሊመልስ ይችላል። ይህ መልካም ዜና ቢሆንም ያልታሰበ እርግዝና ሊያመጣ ይችላል። "እኔ ስለማላረግዝ መከላከያ አያስፈልገኝም" ብላ ለዓመታት የኖረች ሴት፣ ክብደት ቀንሳ የወር አበባዋ ሳይታይ እንኳ ልታረግዝ ትችላለች፤ እንቁላሉ የሚለቀቀው ከደሙ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ነውና።

ክብደት ለመቀነስ የሚወሰዱ ነገሮችም በመከላከያው ላይ ሊመጡ ይችላሉ። የማቅጠኛ ተብለው ከሚሸጡ ሻዮች ብዙዎቹ ሆድ የሚያስቀምጡ ዕፅዋት አሉባቸው፤ ከባድ ተቅማጥ ወይም ማስታወክ ሲኖር የተዋጠው እንክብል ሳይመጠጥ ሊወጣ ይችላል። በውጭ አገር የሚኖሩ አንዳንድ ሴቶች የሚወስዱት ቲርዜፓታይድ የተባለው የክብደት መቀነሻ መርፌም የእንክብልን አቅም ስለሚያዳክም፣ አምራቹ ሲጀመርና መጠኑ በጨመረ ቁጥር ለአራት ሳምንት ተጨማሪ መከላከያ እንዲታከል ያሳስባል። ሳይፈለግ የመጣ የክብደት መቀነስ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ከማታ ላብና ከማያቋርጥ ሳል ጋር ኪሎ ከቀነሰ ሳንባ ነቀርሳ መጠርጠር አለበት። የነቀርሳው ሕክምና ውስጥ ያለው ሪፋምፒሲን የእንክብልንና የክንዱን መከላከያ አቅም ስለሚቀንስ፣ መድኃኒት የጀመረች ሴት የምትጠቀመውን መከላከያ ለሐኪሟ መናገር ይኖርባታል።

ይህ ሁሉ ሲባል ስፖርት ለሴት መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። በቂ እየበሉ በልክ መንቀሳቀስ የወር አበባ ሕመምን እንደሚቀንስ ጥናቶች ያሳያሉ፤ በሳምንት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ የሚደረግ እንቅስቃሴ ጥቅም አለው። "በወር አበባ ጊዜ አትሩጪ" የሚለው የቆየ ምክር መሠረት የለውም። ስፖርት መካን ያደርጋል ለሚለው ሥጋትም ኢትዮጵያ ሩቅ ሳትሄድ መልስ አላት። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በአሥር ሺህ ሜትር ወርቅ አግኝታ፣ በ1998 ልጅ ወልዳ፣ በ2000 በሲድኒ በዚያው ርቀት ዳግም ወርቅ ወስዳለች። ጥሩነሽ ዲባባም በ2015 ወልዳ በቀጣዩ ዓመት በሪዮ የነሐስ ሜዳሊያ አግኝታለች።

ሆርሞን የያዘ መከላከያ የምትጠቀም ስፖርተኛ ደሙን ትታ ሌሎች ምልክቶችን ማየት አለባት። ዕረፍት የማያስወግደው ድካም፣ ሌሎች ሳይበርዳቸው መብረድ፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ የፀጉር መርገፍ፣ ቶሎ ቶሎ መታመም፣ በጫና የሚመጣ ተደጋጋሚ የአጥንት ሕመም ወይም ስንጥቅ፣ ስለ ምግብ ያለማቋረጥ ማሰብና ከሰው ጋር ለመብላት መፍራት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ሆርሞን የማትጠቀም ወይም ሉፕ ያላት ሴት ግን የወር አበባዋ ሦስት ወር በተከታታይ ከቀረ ሳትዘገይ መመርመር ይገባታል፤ በዚያ መካከልም እርግዝና አለመሆኑን ማረጋገጥ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ድንገተኛውን መከላከያ፣ ፖስትፒልን፣ ደጋግማ የወሰደች ሴትም የወር አበባዋ መቅደሙ ወይም መዘግየቱ ከዚሁ ሊመጣ እንደሚችል ትወቅ።

ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስትሄድ የመጨረሻው መርፌ የተሰጠበትን ወይም ዘንጉ የተቀበረበትን ቀን፣ በስንት ወር ስንት ኪሎ እንደቀነሰች፣ በሳምንት ምን ያህል እንደምትንቀሳቀስና በቀን ስንት ጊዜ እንደምትበላ ጽፋ ብትሄድ ምርመራው ይቀልላል። ልጅ ለመውለድ ያሰበች የመርፌ ተጠቃሚ ደግሞ አንድ ሒሳብ አስቀድማ ብትይዝ ይጠቅማታል። መርፌው ከቆመ በኋላ ለማርገዝ የሚወስደው ጊዜ ከሌሎቹ መከላከያዎች ይረዝማል፤ ከመጨረሻው መርፌ ተቆጥሮ ግማሽ ያህሉ ሴቶች የሚያረግዙት በአሥር ወር ገደማ ነው። ክንድ ላይ ያለው ዘንግ ወይም ሉፑ ሲወጣ ግን እርግዝና በዚያው ወር ሊመጣ ይችላል።